ሸክላና የሴት ድምፅ፦ ከካልካታ እስከ ደብረ ማርቆስ

ፎኖግራፍ ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር የተዋወቀው በነገሥታት ሰላምታ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ማብቂያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ላይ የተቀዳ መልእክት ላኩ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው መሣሪያ ድምፃቸውን ቀድተው መለሱ። እንግዲህ በመሣሪያ ከተቀረጹት የኢትዮጵያውያን ድምፆች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ የሴት ድምፅ ነው። ግን የተቀዳው ንግግር እንጂ ዜማ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ሰላምታቸው ሲቀዳ በገናቸው አልተቀዳም። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን የተላኩት ተሰማ እሸቴ (በኋላ ነጋድራስ) እዚያው ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ የሸክላ ዘፈን ታሪክም በወንድ ድምፅ ተከፈተ። የሴት ዘፋኞች ድምፅ በሸክላ ላይ በስፋት እስኪሰማ ድረስ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አለፈ። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ለሚያዜሙ ሴቶች ግን ያኔም ተራ አልደረሳቸውም። ይህ ለምን ሆነ? የተለመደው መልስ ‹‹ዘፋኝ ይናቅ ስለነበር፣ ሴት ዘፋኝ ደግሞ ይበልጥ›› የሚል ነው። ንቀቱ እውነት ነው፤ ለጥያቄው መልስ መሆን ግን አይችልም። የሴቷን ድምፅ ያስቀረው ወይም ያስቀረጸው መቅረጫው በማን እጅ እንደነበረ፣ ያ ባለቤትም ለማን ሊያሰማ እንደፈለገ ነው።

ይህን ለመመዘን ህንድን ማየት ይጠቅማል፤ መሣሪያው ወደ ሁለቱ አገሮች የደረሰው በተቀራራቢ ጊዜ ሲሆን የሄደበት መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ፍሬድ ጋይስበርግ የተባለ የለንደን ግራሞፎን ኩባንያ ባለሙያ ካልካታ ገባ። የመጣው ለጥናት ወይም ለቅርስ አልነበረም። ኩባንያው ግራሞፎን መሸጥ ይፈልጋል፤ ግራሞፎን የሚገዛው ሰው ደግሞ በገዛ ቋንቋው የሚሰማው ዘፈን ይፈልጋል። ጋይስበርግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቀረጻቸው መካከል የከተማዋ ቲያትር ቤት ሁለት ወጣት ሴቶች ነበሩበት፤ በቀናት ልዩነት ደግሞ ጎሃር ጃን መጣች። ጎሃር በዜማና በውዝዋዜ የሠለጠነች፣ በመሳፍንትና በባለጸጎች ግብዣ የምትጠራ፣ በህንድ ተዋይፍ ከሚባሉት ባለሙያ ሴቶች አንዷ ነበረች። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከዐሥር በሚበልጡ ቋንቋዎች 600 ያህል ሸክላ እንዳስቀረጸች ይነገርላታል። ጃንኪ ባይና ዞህራባይ የተባሉት ሌሎች ዝነኛ ዘፋኞችም ከዚያው ሙያ ወጥተው በሸክላ ስም አተረፉ። ብዙዎቹ ወንድ የዜማ ሊቃውንት ግን ወደ መሣሪያው ለመቅረብ አመነቱ። አንዳንዱ ድምፄን ይወስድብኛል ብሎ ፈራ፤ ሌላው በቤተሰቡ ውስጥ ብቻ ሲወራረስ የኖረው ጥበብ ለማንም ገንዘብ ላለው እንዳይሸጥ ሰጋ። ሴቶቹ እንዲህ ያለ የሚጠብቁት ምስጢር አልነበራቸውም። ኑሯቸው በመሰማት ላይ የቆመ ነበር፤ የመሳፍንቱ ቤት እየደከመ ሲሄድ አዲስ ከፋይ መምጣቱን ቀድመው አዩ። ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችለውን ዜማ ሸክላው በሚችለው ሦስት ደቂቃ ገደማ መቋጨትንም ተማሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ጥያቄ እጅግ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ጎሃር ጃን በብዙ ሸክላዎቿ መጨረሻ ላይ ስሟን ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ምክንያቱ ተራ የፋብሪካ ጉዳይ ነበር፦ የተቀዳው ወደ ጀርመኗ ሃኖቨር ከተማ ሄዶ ይታተማል፤ ቋንቋውን የማያውቁት ሠራተኞች የሸክላውን የስም ወረቀት የሚለጥፉት የተቀዳውን ስም ሰምተው ነው። የንግድ ፍላጎት ሳያስበው የሴቷን ስም ከድምፇ ጋር አሰረው። ይሁንና ገበያው ነጻ አውጪ ነበር ማለቴ አይደለም። ኋላ ላይ ጨዋ የሚባለው የከተማ ቤተሰብ ልጆቹን ዜማ ማስተማር ሲጀምር ጥበቡን ከእነዚህ ሴቶች ተቀብሎ ሴቶቹን ከመድረኩ ገፋቸው። በነጻነቱ ሰሞን የህንድ ብሔራዊ ሬዲዮ የግል ሕይወታቸው ‹‹ነውር›› የሆነባቸውን ሴቶች ከማይክሮፎኑ አገደ። ትዕዛዙን ያወጣው መንግሥት እንጂ ሸክላ ሻጩ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ያም ሆኖ ድምፃቸው ከነስማቸው አስቀድሞ በሸክላ ስለገባ ማጥፋት አልተቻለም።

አሁን ወደ ንቀቱ እንመለስ። አዝማሪ በኢትዮጵያ ደጋ ምድር ሁለት ዓይነት ክብደት ነበረው፦ ግብዣ ያለእርሱ አይደምቅም፣ ልጅን ለእርሱ መዳር ግን ነውር ነው። ማሲንቆ መቺው ባል፣ የምታዜመውና የምትወዛወዘው ሚስት ሆነው የሚዞሩት ጥንዶች ሲሆኑ ሐሜቱ በሴቷ ላይ ይበረታል። ነገር ግን ተዋይፏ በህንድ የነበረባት ሐሜት ከዚህ ቢብስ እንጂ አያንስም፤ እርሷን ግን መሣሪያው ፈልጎ አገኛት። ምሳሌው ወደ እኛ ጎረቤትም ይመጣል። በዛንዚባር ከባሪያ ቤተሰብ የተወለደችው ሲቲ ቢንት ሳድ ድኻ፣ ጥቁርና ሴት መሆኗ በአንድ ላይ የተደራረበባት ዘፋኝ ነበረች። ኩባንያው ስዋሂሊ ተናጋሪ ሸማች ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1928 እስከ ቦምቤይ ወስዶ ቀረጻት፤ ሸክላዋም በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ሁሉ ተሸጠ። ንቀት ብቻውን በር የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ ሲቲ ከሁሉ በፊት በተዘጋባት ነበር። ደግሞም ንቀቱ በእኛ ዘንድ ዜማን ወይም ሴትን በጠቅላላ የሚመለከት አልነበረም። በገና የመኳንንትና የመነኮሳት መሣሪያ ስለነበረ እቴጌይቱ ቢደረድሩት ክብር ነው። የተናቀው ለክፍያ ማዜም ነበር፤ ለክፍያ የሚያዜመው ሰው ደግሞ የሚቀርጸውና የሚከፍለው ቢመጣ እንቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።

በኢትዮጵያ ያልነበረው ከፋዩ ነው። ተሰማ እሸቴን ልብ ብለን እንያቸው። ኩባንያ ፈልጓቸው አልመጣም፤ በቤተ መንግሥት ተልእኮ ፋብሪካው ወዳለበት አገር ስለሄዱ ተቀረጹ። እንዲህ ያለ ጉዞ በዚያ ዘመን ለሴት አዝማሪ የሚታሰብ አይደለም። ካልካታና ቦምቤይ በባቡርና በወደብ ከሸማች ጋር የተገናኙ ትልልቅ ከተሞች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ገና በመቆርቆር ላይ ስለነበረች ግራሞፎን ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ገበያው ጥቂት በጥቂት ማደግ ሲገባው የኢጣሊያ ወረራ መጣ። ፋሺስቶች ደግሞ ዜማ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቁ ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ የኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ ትንቢት ተናጋሪዎችንና እየዞሩ የሚያወጉ ተራኪዎችን እያስለቀመ አስገደለ። ከነጻነት በኋላ የመጣው መንግሥትም ዜማን ንቆ አልተወውም፤ ይልቁንም በእጁ ሊያደርገው ፈለገ። በ1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ማኅበር እንደገና ተደራጀ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በህንድ ኩባንያዎች ዘፋኝ ፍለጋ ሲሽቀዳደሙ በእኛ አገር አንድ በር ብቻ ቀረ፤ የበሩ ጠባቂም የሚያስበው ስለ ሽያጭ ሳይሆን መንግሥትን ስለሚመጥን ጨዋ ሙዚቃ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ችላ የሚባልም አይደለም። መንግሥት ባይኖር ኖሮ ሴቷ ከጠጅ ቤት የት ትወጣ ነበር? የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለሴት ዘፋኝ ደመወዝ፣ ሥልጠና፣ የደንብ ልብስና ማዕረግ ሰጡ፤ አዝማሪ ከሚለው ስም አውጥተውም ድምፃዊት አሰኟት። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ የገነቡት ድምፅ ዛሬም የዘመናዊ ሙዚቃችን መለኪያ ነው። ቲያትር ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው፤ አስናቀች ወርቁ ተዋናይት፣ ተወዛዋዥና ክራር ደርዳሪ ሆና የወጣችው ከመድረክ ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም የተሰጠውን ያህል የተነሣውንም መቁጠር ያስፈልጋል። በኦርኬስትራ ውስጥ ግጥሙና ዜማው በአብዛኛው የወንዶች ነበር፤ ሴቷ የተሰጣትን ታዜማለች። አዝማሪዋ በፊቷ የተቀመጠውን ሰው እያየች፣ ስንኝ እየተቀበለችና እየመለሰች የምትፈጥረው ዜማ ለኦርኬስትራው ኖታ አይመችም ነበር። መንግሥት ለሴቷ ድምፅ ቦታ ሰጥቶ ለቃሏ ግን ቦታ አልሰጠም ማለት ይቻላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑት ያመለጡት ናቸው፦ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ። ሁለቱም ክራሩን ራሳቸው ስለሚደረድሩ አጃቢ አይጠብቁም፤ ዜማውን ማርዘም፣ ማሳጠር፣ ስንኙን መቀየር በእጃቸው ነው። ከኦርኬስትራው ዘመን የሴት ዘፋኞች መካከል የሁለቱ ሥራ እስከ ዛሬ የደራሲነት ጠረን የሚሸተው ለዚህ ይመስለኛል።

የበሩን መከፈት ያየነው በ1961 ዓ.ም. ነው። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ችላ ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በአገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ከታተመባቸው አገሮች አንዷም ህንድ ናት። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ረዣዥም አልበሞች አወጣ፤ ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅትም በገበያው ነበሩ። የሴቶች ድምፅ በሸክላ ላይ የበዛው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው። ብዙነሽ በቀለ ለአምሃ ተቀረጸች። ካይፋ አስናቀች ወርቁን ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ጋር፣ አሰለፈች አሽኔንና ጌጤነሽ ክብረትን ደግሞ በጥምር ድምፅ አሳተመ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ለሴት ዘፋኝ የነበረው አመለካከት በእነዚያ ሰባት ስምንት ዓመታት ውስጥ አልተገለበጠም። የተለወጠው መቅረጫውን የያዘው እጅ ነው፤ አምሃና አሊ መሸጥ ስለነበረባቸው ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውን ፈለጉ። በካልካታ የሆነው በአዲስ አበባ ከስድሳ ስድስት ዓመት በኋላ ተደገመ። ንቀቱ ሳይቀየር ውጤቱ ከተቀየረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

ይህ ማስረጃ የአዲስ አበባን ነገር ሲፈታ የጎጃምን ጥያቄ ያከብደዋል። ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች፤ አገሩም በቅኔው የታወቀ ነው። የቃል ጥበብ በወንዶች ብቻ እንዳልተወሰነ በጸላሎ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ምስክር ናቸው። ከጉባኤ ቤት ውጭ ያለውን ስንመለከት ደግሞ የሴቷ ዜማ ያልገባበት የኑሮ ክፍል አይገኝም። በወፍጮ ላይ የሚንጎራጎር አለ፤ በሰርግ ሙሽራን የሚያሞግስ፣ አማትን የሚነካካ አለ፤ በበዓል የሚጨፈር፣ ልጅ የሚታባበልበት አለ። ከሁሉም የሚከብደው የለቅሶው ነው። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በዘሩ፣ በሥራው፣ በባሕርይው፣ በአሟሟቱ እየጠራች፣ የቀሩትን እየወቀሰችና እያጽናናች፣ በዚያው ቅጽበት ግጥም ትፈጥራለች። ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደኖረ የሚያውቀው ከእርሷ ነው። ገጣሚነት ማለት ይህ ከሆነ በጎጃም ደጋ ብዙ ገጣሚ ሴቶች ኖረዋል። በሸክላ ዘመን ግን ከእነርሱ ውስጥ ስሟ በወረቀቱ ላይ የታተመላት አላውቅም ብል ደፋር አያሰኘኝም።

ለዚህ ዝግጁ የሆነ ማብራሪያ አለ፦ ሙሾና እንጉርጉሮ የሚቀረጽ ነገር አይደሉም፤ ለቅሶ ለገበያ አይወጣም፤ ለአንድ ሟች የተገጠመውን ሌላ ሰው ምን ብሎ ገዝቶ ይሰማዋል? ማብራሪያው ከፊሉ እውነት አለው። ለቅሶ ላይ መሣሪያ ይዞ መቆም ነውር ነው፤ ነውርም ሆኖ መቆየት አለበት። ግን ይህ ስለ ቦታው እንጂ ስለ ባለሙያዋ የሚናገር አይደለም። የጎሃር ጃን ዜማም ለአንድ ግብዣ፣ ለአንድ ሌሊት የሚፈጠር ነበር፤ እርሷ ከግብዣው አውጥታ ለሸክላ ቀየሰችው። ሙሾ አውራጇም ግጥም የመፍጠር ችሎታዋ በለቅሶ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሰርግ ላይ ያችው ሴት ናት የምትገጥመው። ተጠይቃ ተከፍሏት ቢሆን ኖሮ እርሷም የምትሰጠው ዜማ ነበራት። አልተጠየቀችም፤ ምክንያቱም ሸክላ የሚቀረጸው በአዲስ አበባ ነበር፤ የሚገዛውም ግራሞፎን ያለው የከተማ ሰው ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በመካከሉ የዓባይ ሸለቆ አለ፤ ከተማ የገባ የጎጃም ዜማ ደግሞ በኦርኬስትራው ተቀናብሮ፣ በከተማ ድምፃውያን አፍ ይዘፈናል። ጎጃም እንደ ዜማ ወደ ሸክላ ገባ፣ ሴቶቹ ግን ከነስማቸው ውጭ ቀሩ።

ለንጽጽር ከገበያው ውጭ የነበሩትን ቀራጮችም ማየት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጂን ጄንኪንስ የተባለች የሙዚቃ መሣሪያዎች ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተዘዋውራ ቀርጻ ስታበቃ የመካከለኛውን ደጋ ሙዚቃ ለብቻው በሸክላ አሳትማለች፤ ከእርሷም ቀድሞ ሃሮልድ ኩርላንደር በ1940ዎቹ የቀረጸውን በአሜሪካ አሳትሟል። ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል፤ እነርሱ ባይቀርጹ ብዙ ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። ነገር ግን የአጥኚ ሸክላ ልማዱ የአካባቢውን፣ የብሔረሰቡንና የዘፈኑን ዓይነት መጻፍ ነው፤ የሚያዜመው ሰው ናሙና ይሆናል። ነጋዴው ስም የሚፈልገው ስም ስለሚሸጥ ነው፤ አጥኚው ስም የማይፈልገው ‹‹የሕዝብ ዜማ›› ባለቤት የለውም ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ ለባላገር ሴት ሁለቱም በር ጎደሎ ሆነባት፦ ገበያው አልደረሰባትም፣ ጥናቱ ቢደርስባትም ስሟን አልያዘም። የጥንት ሰው የአገሩን ስሜት ለማወቅ ሲሻ ‹‹እረኛ ምን አለ?›› ብሎ ይጠይቅ ነበር። ፈጪዋ ምን አለች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የዘመነ ደርግ ኪነት ቡድኖችና ካሴት የነገሩን ሚዛን መልሰው ነቀነቁት። የኪነት ቡድን ዓላማው ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ውጤቱ ግን ከዓላማው ሰፋ። ቡድኖቹ በየክፍለ ሀገሩ ስለተቋቋሙ ባላገር ድምፃዊት መድረክ ለማግኘት የግድ አዲስ አበባ መግባት አልነበረባትም። በወሎ የላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሰን አወጣ፤ አምባሰልን በማሪቱ ድምፅ የማያውቅ አድማጭ ዛሬ ብዙ አይደለም። በጎጃምም ግሽ ዓባይ ኪነት ለባህላዊው ዜማ መድረክ ሆኗል፤ ይሁንና ከዚያ ወጥተው በአገር ደረጃ ስማቸው የገነነው በብዛት እንደ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ያሉ ወንዶች ናቸው። ካሴት ደግሞ ከሸክላ የረከሰ፣ በቀላሉ የሚባዛ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለነበር ግራሞፎን ያልደረሰበት ገጠር ገባ፤ ባላገሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋይ ሆነ። በዚህ ጎዳና ላይ ከጎጃም የወጣችው ትልቋ ሴት ድምፃዊት፣ የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ወደ ቤተሰቧ ቤት ይመጡ ከነበሩ ካህን እንደቀሰመች፣ ሴት በቅኔ ማኅሌት ቆማ ባታዜምም ዜማው ግን በጆሮዋ እንደቀረ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ‹‹ጂጂ›› በሚል ርእስ የታተመው አልበሟ ኸርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት የተሳተፉበት ነው። የእጅጋየሁ ልዩነት ድምፇ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙና ዜማው የራሷ መሆኑ ነው። የሙሾ አውራጇ ሥልጣን፣ ማለትም ቃሉም ዜማውም ከአንድ አፍ መውጣቱ፣ በሸክላ ዘመን ከባላገር ሴት ቀርቶ የነበረው፣ በእርሷ ተመልሶ መጣ። ለዚያ ግን ከቻግኒ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያም አሜሪካ መሻገር አስፈለጋት። ይህም ርቀት ራሱ ለክርክሬ ማስረጃ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ጥልቅ ነው። ቀረጻ ለምን አስፈለገ? የጎጃም ሴት ዜማ ሳይቀረጽ ለዘመናት ኖሯል፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ሲታደስ ስለኖረ ነው ሕያው የሆነው። ቀርጸው ቢያስቀምጡት አንዱ ቅጂ ‹‹ትክክለኛው›› ይባልና ሌላው ይደርቃል። በህንድም ሸክላ ረዥሙን ዜማ በሦስት ደቂቃ እንዳጨናነቀው አይተናል። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው፣ መተላለፊያው ራሱ እየተቋረጠ መሆኑ ነው፦ የእጅ ወፍጮ ለሞተር ወፍጮ ቦታ ሲለቅ የወፍጮው እንጉርጉሮ የሚዜምበት ሰዓት አብሮት ጠፍቷል፤ ሰርጉም በድምፅ ማጉያና በተከራየ ባንድ እየተተካ ነው። ዜማው በሕይወት እንዲቆይ የምንጠብቀው ኑሮ ከሌለ አለመቅረጽ ጥበቃ መሆኑ ይቀርና መተው ይሆናል። ሁለተኛው፣ ያልተቀረጸው ባለቤት አልባ ይቆጠራል። ከተማ ያለው አቀናባሪ ከባላገር ሴት የሰማውን ‹‹የሕዝብ›› ብሎ ሲያሳትም ሕግ የሚያውቀው እርሱን ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል፤ መብቱን ለመጠየቅ ግን ያዜመችው ማን እንደሆነች የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። የጎሃር ጃን ስም በሸክላዋ መጨረሻ መጮኹ ዛሬም የሚጠቅመን ትምህርት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ዛሬ መቅረጫው እንደገና እጅ ቀይሯል። ስልክ በየኪሱ አለ፤ የምሥራቅ ጎጃም ሰርግና ጭፈራ በየቀኑ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ችግሩ ራሱን በራሱ ፈታ ይላል። የእኔ ዳሰሳ ወደዚያ መደምደሚያ አይወስድም። ሸክላው፣ ኦርኬስትራው፣ ካሴቱና የአጥኚው ቴፕ ሁሉም በተራቸው አዲስ በር ተብለው ነበር፤ እያንዳንዳቸው ያስገቡት ግን የመሣሪያው ባለቤት ሊሸጥ፣ ሊያስተምር ወይም ሊያሳይ የፈለገውን ነው። ስልኩን የያዘው ሰው ቻናሉን በስሙ አስመዝግቦ ገቢውን ሲወስድ የዘፈነችው ሴት ‹‹የጎጃም ባህላዊ›› ተብላ ብቻ ከቀረች፣ ከአጥኚው ሸክላ ወዲህ ብዙ መንገድ አልሄድንም። ስለዚህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው፣ ውድም አይደለም። የቀረጸ ሁሉ ያዜመችውን ሴት ሙሉ ስም፣ ቀበሌዋንና ዓመቱን አብሮ ያስቀምጥ፤ ገቢ ካለው ድርሻዋን ይስጣት፤ እንዳይወጣባት የምትፈልገው ካለ ፈቃዷ ይከበር። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም በደጃፉ ላይ እያለ የሙሾ አውራጆችና የሰርግ ገጣሚዎች ማኅደር በስማቸው ማደራጀት ከአቅም በላይ ሊባል አይችልም። ንቀትን በስብከት ለማስለቀቅ ትውልዶች ይፈጃል፤ መቅረጫውን በሴቷ እጅ ማኖርና ስሟን መጻፍ ግን ዛሬ ይቻላል፤ ታሪኩም የሚያሳየው የሴቶች ድምፅ የወጣው ንቀቱ እስኪያልቅ ሲጠበቅ ሳይሆን መሣሪያው ባለቤት ሲለውጥ መሆኑን ነው።